ቀለም የተቀባ የእንጨት ስፒከር፦ ልላጠው፣ ልፈግፍገው ወይስ ደግሜ ልቀባው?

ጅማ ውስጥ ለበዓል ቤት ሲቀባ የሚተርፍ ቀለም አይደፋም። ከበሩ የተረፈው ለበርጩማ ይሆናል። ከበርጩማው የተረፈው ደግሞ ለቁም ሳጥኑ፣ ለቴሌቪዥን ማስቀመጫው፣ አንዳንዴም ለስፒከሩ። የአባቴ ሁለት ስፒከሮች መጀመሪያ አረንጓዴ የሆኑት እንዲህ ነው። ከዓመታት በኋላ ቡናማ ተቀቡ። በቡናማው ላይ ክሬም ተደረበ። እኔ እጅ ሲገቡ ክሬሙ ፀሐይ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጠርዙን በጥፍር ስታነሱት ሦስቱ ቀለሞች እንደተደራረበ እንጀራ ይታያሉ።

አንዱን በሙቀት ላጥኩት፤ ተበላሸብኝና ጥቁር ቀባሁት። ሌላውን በቀለም ማስለቀቂያ ላጥኩት፤ የእንጨት መልኩ ወጣ። ዛሬ ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ድምፃቸው አንድ ነው፤ መልካቸው ግን አይገናኝም። ጥንድ ስፒከር ያላችሁ ሰዎች እንደኔ እንዳትሆኑ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የትኛው ዘዴ ይሻላል ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፦ ከቀለሙ ሥር ያለው ምንድን ነው? ሌላው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

መጀመሪያ ሳጥኑን ክፈቱ

ካቻቢቴ ያዙና ትልቁን ስፒከር የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። ከሳጥኑ ቀስ አድርጋችሁ አውጡት፤ ሽቦው አጭር ሊሆን ስለሚችል አትጎትቱት። ሽቦውን ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የትኛው ሽቦ የፕላስ፣ የትኛው የማይነስ እንደሆነ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ይህቺ ሁለት ደቂቃ ኋላ ላይ ብዙ ታተርፋችኋለች።

አሁን ስፒከሩ የወጣበትን ክብ ቀዳዳ ተመልከቱ። የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም አልነካውም፤ እውነቱን እሱ ይናገራል።

የእንጨቱ መስመር ከፊት እስከ ውስጥ ሳይቋረጥ የሚሄድ ከሆነ ድፍን እንጨት ነው። እዚሁ ከተማ አናጢ ቤት የተሠሩ፣ የመኪና ስፒከር የተገጠመባቸው ሳጥኖች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ዋንዛ ከሆነ እሰየው። የጅማ በርጩማ የሚቀረጽበት ያው ዋንዛ ነው፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ለመሣሪያም የሚታዘዝ እንጨት።

ቀጫጭን ንጣፎች ተደራርበው ካያችሁ ኮምፖልሳቶ ነው። እንደ ገብስ ቆሎ የተፈረካከሰ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ ካያችሁ ችፕውድ ነው። ከውጭ የመጡ የድሮ ስፒከሮች አብዛኞቹ ችፕውድ ናቸው፤ ላያቸው ላይ ግን ስስ የእውነተኛ እንጨት ልባጥ ተለጥፎባቸዋል። ይህ ልባጥ ቬኒር ይባላል። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም።

አራተኛው ዓይነት የሚያታልለው ነው። ላዩ የእንጨት መልክ የታተመበት ፕላስቲክ ነው። ጠርዙን በምላጭ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱት። እንደ ላስቲክ ከተለመጠ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተሰበረ እንጨት ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ማንበቡን እዚህ አቁማችሁ ‹ደግሞ መቀባት› ወደሚለው ክፍል እለፉ። ማስለቀቂያ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ ሙቀትም ያኮማትረዋል። ከሥሩ የሚጠብቃችሁም ያማረ እንጨት ሳይሆን ባዶ ችፕውድ ነው።

ስለ ሊድ ሳልናገር አላልፍም

አሮጌ የዘይት ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላል። ሊድ ቀለሙ እንዲደርቅ፣ እንዲደምቅና እንዲበረታ ለረጅም ዘመን ሲጨመርበት የኖረ መርዛማ ብረት ነው። በተለይ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለሞች ውስጥ ይገባ ነበር። አሜሪካ ከቤት ቀለም ያስወጣችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እኛ አገር ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 እንዳይበልጥ የሚወስነው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ አባቶቻችን የቀቡትን ቀለም ሁሉ ሊድ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ነው የሚሻለው።

ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ልጅ ባለበት ግቢ ደረቅ ቀለም ፈግፍጎ አቧራ ማስነሳት አይገባም። የተላጠውን ቀለም ዶሮ በሚጭርበት መሬት ላይ አትበትኑት። ቀለም የነካውን ቁራጭ እንጨትም ለማገዶ አታድርጉት፤ ጭሱ ከቡናው ጋር ቤት ይገባል። ወፍራም ፌስታል ውስጥ ሰብስባችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

በሙቀት መላጥ

ሙቅ አየር የሚተፋ መሣሪያ አለ። ቀለሙን ያሞቀዋል፣ ቀለሙ ያብጣል፣ በስፓቱላ ይገፈፋል። ፈጣን ነው፤ ሲሠራ ማየቱም ደስ ይላል። በድፍን ዋንዛ ላይ ጥሩ ምርጫ ነው። ፈሳሽ የለውም፣ እንጨቱም አይረጥብም።

የኔ ስፒከር ግን ልባጥ ነበረው፤ እኔ ያን ጊዜ ይህን አላጣራሁም። አረንጓዴው ቀለም አልለቅ ስላለኝ መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ አቆየሁት። መጀመሪያ ትንሽ እብጠት መጣ፤ ቀለሙ ነው ብዬ ስፓቱላውን ከሥሩ አስገባሁ። የተነሳው ግን ቀለሙ ብቻ አልነበረም። የእጅ መዳፍ የሚያህል እንጨት አብሮ ተገሽልጦ መጣ። ከሥሩ ግራጫው ችፕውድ ታየ። ልባጡን የያዘው ሙጫ በሙቀት ይላላል፤ ቀለሙ ለመላቀቅ ከሚፈልገው ሙቀት በጣም ባነሰ ሙቀት።

ሳጥኑን ይዤ መርካቶ አካባቢ የማውቃቸው አናጢ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው ዳሰሱት።

«ጋሼ፣ ተመልሶ ይለጠፋል?»

«የተነሳውን ብትለጥፈው ይለጠፋል፤ የተቀደደውን ግን ከየት ታመጣዋለህ? ይሄ እንጨት አይደለም ልጄ፣ የእንጨት ቆዳ ነው። ቆዳ በእሳት ይገፈፋል እንዴ!»

ሙቀት ለመጠቀም የወሰነ ሰው ደግሞ ስፒከሮቹን በሙሉ ከሳጥኑ ያውጣ። መሣሪያውን ያለማቋረጥ ያንቀሳቅስ። ቀለሙ ለስለስ ሲል ያቁም፤ እስኪጨስ አይጠብቅ። ሊድ ያለበት ቀለም በጣም ሲግል መርዙ ወደ አየር ይወጣል። በነበልባል፣ ማለትም በቡታጋዝ ወይም በብየዳ እሳት፣ በጭራሽ አይሞከርም።

በማስለቀቂያ መላጥ

ልባጥ ላለው ሳጥን የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ለኮምፖልሳቶም እንዲሁ። ቀለም ቤት ሄዳችሁ ቀለም ማስለቀቂያ ወይም ‹ሪሙቨር› በሉ። ወፈር ያለ፣ እንደ አጥሚት የሚዝለገለግ ፈሳሽ ነው። ቀጭኑ ስለሚንጠባጠብ ለሳጥን አይመችም።

ከመክፈላችሁ በፊት ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሜቲሊን ክሎራይድ የሚል ካለ ተጠንቀቁ። በፍጥነት ይልጣል፤ ግን ትነቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። በአሜሪካ በችርቻሮ ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከልክሏል። ሌላ ካገኛችሁ ሌላውን ግዙ። ይህንኑ ብቻ ካገኛችሁ ውጭ፣ ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አትክፈቱት። ሌሎቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ እሳት ይስባሉ፤ ከሰሉ ራቅ ይበል።

አሠራሩ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ሳጥኑን ጥላ ውስጥ አጋድሙት። ፈሳሹን በብሩሽ ወፈር አድርጋችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልብሱት፤ ወደኋላ እየመለሳችሁ አትሹት። ከዚያ ፌስታል ቀድዳችሁ ላዩ ላይ አልብሱት፤ እንዳይተን ይይዘዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ፌስታሉን ስታነሱ ቀለሙ ተኮማትሮ፣ እንደ ወተት ስልባቦት ብድግ ብሎ ታገኙታላችሁ።

የብረት ስፓቱላ ጥግ ልባጥ ይቦጭራል። ጥጎቹን በሞረድ ክብ አድርጓቸው፤ ወይም ያገለገለ የባንክ ካርድ ተጠቀሙ። በእንጨቱ መስመር ሂዱ። ክሬሙ ወዲያው ወጣልኝ። ቡናማው ሁለተኛ ዙር ጠየቀኝ። አረንጓዴው የእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ስለነበር በጥርስ ብሩሽ፣ በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) እያራስኩ ነው ያወጣሁት። ለአንድ ሳጥን ሁለት ቅዳሜ ፈጀ።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ የላይኛው ገጽ ላይ፣ አረንጓዴው ሲገፈፍ ጥቁር ክብ ታየ። የቡና ስኒ አፍ የሚያህል። ሰዎች ስፒከሩን ከመቀባታቸው በፊት ስኒ ያስቀመጡበት ቦታ ነው። እናቴ መጥታ አየችው፤ ጣቷን ዙሪያውን አዞረችበትና «አባትህ ነው፤ ዜና እያዳመጠ ከዚህ ሌላ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም» አለች። በኬሚካል ማንጣት ይቻል ነበር። ተውኩት።

ቀለሙ ካለቀ በኋላ በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ፣ ጨርቁን እየቀያየራችሁ ጥረጉት፤ ቅሪት ከቀረ አዲሱ ቅብ አይይዝም። ለልባጥና ለችፕውድ ውኃ አታብዙ፤ ችፕውድ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። አንድ ቀን ይድረቅ።

ርካሽ ነው ብላችሁ ኮስቲክ ሶዳ እንዳትሞክሩ። ሳሙና ለሚሠሩ ሰዎች ስለሚሸጥ በቀላሉ ይገኛል፤ ቀለምም ይበላል። ግን ሙጫውን ይፈታል፣ የእንጨቱን ጭረት ያቆማል፣ ብዙ ዓይነት እንጨት ያጠቁራል። ዓይን ከነካ ደግሞ ያሳውራል። ለብረት በር ሊሆን ይችላል፤ ለስፒከር አይሆንም።

በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ

ብዙ ሰው በዚህ ነው የሚጀምረው፤ ምክንያቱም ወረቀቱ የትም ሱቅ አለ። ወፍራም የዘይት ቀለም ግን ሲፈገፈግ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ወረቀቱን ይደፍነዋል። አንድ ጎን ሳትጨርሱ አሥር ወረቀት ይጠፋል። አቧራውም ከላይ ያልኩት አቧራ ነው። የተለመደው ሰማያዊ የሐኪም ማስክ ይህን አያቆምም።

በማሽን ደግሞ ልባጥ ላይ አደጋ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስንት ሰከንድ ይቆያል? ጥጎቹ ቀድመው ያልቃሉ።

ስለዚህ ወረቀት ለመላጫ ሳይሆን ለማለስለሻ ይሁን። ቀለሙ በሌላ መንገድ ከወጣ በኋላ ለድፍን እንጨት በ120 ቁጥር ጀምራችሁ በ180 እና በ240 ጨርሱ። ለልባጥ በቀጥታ 180 ይበቃል፤ በእጅ፣ ወረቀቱን በትንሽ እንጨት ጠቅልላችሁ፣ በመስመሩ ብቻ። የብረት ሱፍ ግን ስፒከር ባለበት ቤት አይግባ። ስፒከሩ ጀርባ ላይ ያለው ማግኔት ብናኙን ይስባል፤ ብናኙ ውስጥ ከገባ ድምፁ ለዘለዓለም ይንኮሻኮሻል።

ደግሞ መቀባት

ባዶ ችፕውድ፣ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ልባጡ የተቀደደ ሳጥን ካላችሁ መላጥ ድካም ነው። የተሰነጠቀውንና የላላውን ቀለም ብቻ አንሱ፤ በደንብ የያዘው ይቆይ። ጉድጓዱን በስቱኮ ሙሉት፣ ሲደርቅ አለስልሱት፣ መያዣ ቅብ (ፕራይመር) አድርጉበት፣ ከዚያ ሁለት ስስ እጅ ቀለም። ይህ ሽንፈት አይደለም። ጥቁሩ ስፒከሬ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ደብዛዛ ጥቁር ምረጡ፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም የስቱኮውን ጠባሳ ሁሉ ያሳያል።

የእንጨቱ መልክ ከወጣ ምን ይቀባ?

እዚህ ላይ የጅማ ሰማይ ይገባበታል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡም ብዙ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅብ ወይ አይደርቅም፣ ወይ ነጭ ጭጋግ ይዞ ይደርቃል። ከተቻለ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ጠብቁ። ቡናው አልጋ ላይ በሚደርቅበት ሰሞን ቅቡም ይደርቃል።

የተልባ ዘይት ለድፍን ዋንዛ የሚያህለው የለም። በጨርቅ ይቀባል፣ ሩብ ሰዓት ይቆያል፣ የተረፈው ይጠረጋል። ከተጫረ ያንኑ ቦታ ብቻ ደግሞ መቀባት ነው። ችግሩ ቀርፋፋነቱ ነው። ያልተፈላው ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈልጋል። ሌላም ነገር አለ፤ እባካችሁ ልብ በሉት። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፤ ማንም ሳይለኩሰው ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፤ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

አናጢዎች በጥጥና በጨርቅ የሚያሹት፣ በአልኮል የሚሟሟው ሉስትሮ ለልባጥ በጣም ያምራል። ቶሎ ይደርቃል፤ በደረቅ ቀን ሦስት አራት እጅ ይያዛል። ትኩስ ስኒ ግን ነጭ ክብ ይተውበታል። ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት ቤት፣ የስፒከሩ ራስ እንደ ጠረጴዛ በሚያገለግልበት ሳሎን፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፖሊዩሬቴን ቨርኒሽ ትኩሱንም እርጥቡንም ይችላል። እኔ የመረጥኩት ይህን ነው፤ ደብዛዛውን። የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ አቅጥኜ ቀባሁ። በየእጁ መሃል አንድ ቀን ጠበቅሁ፤ በ320 ወረቀት በስሱ ዳሰስኩት፣ አቧራውን ጠረግሁ። ሦስት እጅ በቃው። ጉዳቱ ሲጫር መጠገኑ ከባድ መሆኑ ነው፤ ገጹን ሙሉ በሙሉ መሥራት ይጠይቃል። ልጆች የሚጫወቱበት ቤት ከሆነ ግን እኔ አሁንም እሱን እላለሁ። ስኒ የማይቀመጥበት ረጅም ስፒከር ከሆነ ሉስትሮ። ድፍን ዋንዛ ከሆነ ዘይት።

የትኛውንም ስትመርጡ መጀመሪያ ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከታችኛው ጥግ ላይ ሞክሩት። ዋንዛ ሲቀባ ካሰባችሁት በላይ ይጠቁራል። ሁለቱንም ሳጥን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቆርቆሮ ቅቡ።

ስትገጥሙ

ቅቡ በደንብ ሳይደርቅ ስፒከሩን አትመልሱ፤ ትነቱ የስፒከሩን ዙሪያ ስፖንጅና ሙጫ ይጎዳል። ስፒከሩ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የተከመረ ቅብ ካለ ፈግፍጉት። አየር የሚያሾልክ ሳጥን ወፍራሙን ድምፅ ያጣል። የተለቀቀ የብሎን ቀዳዳ ካለ የጥርስ መጎርጎሪያ በኮላ ነክራችሁ ክተቱበት፤ ሲደርቅ ትርፉን ቁረጡ። ብሎኑን በእጅ አጥብቁ፤ ችፕውድ በማሽን ሲጠብቅ ይፈርሳል። ከሳጥኑ ፊት ወይም ጀርባ ላይ ክብ የአየር መውጫ ካለ ክፍቱን ይቆይ፤ የተሠራው እንዲህ ሆኖ ነው።

በመጨረሻ ሽቦው። የአንዱ ስፒከር ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠ ሁለቱ እየተጋፉ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፉታል። ፎቶው ከጠፋባችሁ አንድ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ውሰዱ። ከሳጥኑ ጀርባ ባለው መሰኪያ የድንጋዩን ፕላስ ከፕላሱ፣ ማይነሱን ከማይነሱ ጋር ለቅጽበት ብቻ አነካኩ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ገፋ ማለት አለበት። ሌላኛውም ላይ እንዲሁ። ሁለቱም ወደ ውጭ ከገፉ ሬዲዮውን ክፈቱ።